ሞተሪኖው እያዞረው የማይነሳ የናፍጣ መኪና፦ ችግሩን ደረጃ በደረጃ የመለየት መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው ሞተሩን እያዞረው፣ ሞተሩ ግን አልነሳ ላለው የናፍጣ መኪና ነው። ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ከሌለ ወይም አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ችግሩ የባትሪ፣ የገመድ ወይም የራሱ የሞተሪኖው ስለሆነ እዚህ አልተካተተም። በጎንደርና በዙሪያዋ የሚሠሩትን የናፍጣ መኪኖች ለዚህ ሥራ ሲባል በሁለት መክፈል ይቻላል። አንደኛዎቹ እንደ ዶልፊን ሚኒባስ፣ እንደ ቆዩት ሃይሉክስና ላንድክሩዘር፣ እንደ አሮጌው አይሱዙ ያሉ ሜካኒካል ፓምፕ የተገጠመላቸው ናቸው። ሁለተኛዎቹ ደግሞ የናፍጣውን መጠንና ጊዜ ኮምፒውተር የሚወስንላቸው፣ ኮመን ሬል የሚባሉት ናቸው። የመመሪያው ዋና ክፍል አንደኛዎቹን ይመለከታል፤ ኮመን ሬሎቹ የራሳቸው ጥንቃቄ ስላላቸው ወደ መጨረሻው ላይ ለብቻ ቀርበዋል።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ያምቀዋል፣ የታመቀው አየር ይግላል፣ ኖዝሉ በዚያ በጋለ አየር ላይ የሚረጨው ናፍጣ ራሱ ይቀጣጠላል። እንግዲህ ሞተሩ እንዲነሳ በበቂ ፍጥነት መዞር፣ አየሩ በደንብ መታመቅና ንጹሕ ናፍጣ በጊዜው መድረስ አለባቸው። ከእነዚህ የትኛው እንደጎደለ ሳይለዩ ፓምፕ ማስወረድ ወይም ኖዝል ማስፈታት ገንዘብን በግምት ማውጣት ነው፤ በእኔ ግምገማ ብዙ ጤነኛ ፓምፖች ያለ ጥፋታቸው የሚፈቱት የጭስ ማውጫውን ቀድሞ የሚያይ ሰው ስለሚጠፋ ነው።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ያንሳል፤ ደባርቅ ላይ ጉድለቱ ወደ ሲሶ ይቀርባል። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ሲሳሳ፣ ሲታመቅ ያገኘው ሙቀት በቀዝቃዛው ብረት ቶሎ ይወሰድበታል። በዚህ የተነሳ መተማ ላይ በአንድ ቁልፍ የሚነሳ ያረጀ ሞተር ጎንደር ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሊያስቸግር፣ ረፋዱ ላይ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ሆኖ ሊነሳ ይችላል።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት

በከተማዋ መንገዶች ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ማግኘት ሁልጊዜ አይቻልም፤ ስለሆነም የእጅ ፍሬኑን ከመያዝ ባሻገር በጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወይም የእንጨት ታኮ ያድርጉ፣ ማርሹንም ዜሮ ላይ ያውሉ። ነጠላ፣ ሻርፕና ረጅም እጅጌ ከቺንጋውና ከአየር ማራገቢያው ይራቅ። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አያዙሩ፤ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላም አንድ ደቂቃ ያህል ያሳርፉት። ይህን የማይጠብቅ ሰው አንድ ችግር ይዞ ጀምሮ የተቃጠለ ሞተሪኖና የሞተ ባትሪ ጨምሮ ይጨርሳል። ለሥራው የሚያስፈልገው 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የቮልት መለኪያ ወይም ቢያንስ አንድ አምፖል ከሁለት ሽቦ ጋር፣ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ንጹሕ ጨርቅና ቁልፍ የሚያዞርልዎ ረዳት ነው።

1. ሞተሩ ሲዞር የሚሰጠውን ድምፅ ያዳምጡ

ረዳትዎ ቁልፉን ሲያዞር እርስዎ ኮፈኑን ከፍተው አጠገቡ ይቁሙ። ጤነኛ ሞተር ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር ሲያምቅ የሚፈጥረው፣ እኩል እኩል የሚመላለስ ከበድ ያለ ምት ይሰማል። ምቱ ዘገምተኛ ከሆነና የዳሽቦርዱ መብራት ከደበዘዘ፣ «ይዞራል» ቢባልም ለናፍጣ ሞተር በሚበቃ ፍጥነት እየዞረ አይደለም ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ሞተሮች እሳት ለመያዝ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይፈልጋሉ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ አርፎ ሳለ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ከ10 ቮልት ብዙ ዝቅ ካለ ሌላ ነገር ከመፍታትዎ በፊት ባትሪውን ያስሞሉ፣ የባትሪውን ራሶች ይፍቁ፣ ከባትሪው ወደ ሻንሲውና ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድ ያጥብቁ። ባለ 24 ቮልት በሆኑ የጭነት መኪኖች ላይ ቁጥሮቹን በእጥፍ ያስቡ።

ከዚህ በተቃራኒ ሞተሩ ከወትሮው ፈጥኖ፣ ምት በሌለው ለስላሳ ድምፅ ከዞረ እጅዎን ከቁልፉ ያንሱ። ይህ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም ቫልቮላዎቹን የሚከፍተውን ዘንግ (ካምሻፍቱን) የሚያዞረው ቺንጋ፣ የመበጠሱ ምልክት ነው። ዶልፊንና ሃይሉክስ ላይ በሚገኙት የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች ካምሻፍቱ ከላይ ስለሆነ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው በቀዳዳው ሲያዩ ረዳትዎ ቁልፉን ለአንድ አፍታ ብቻ ቢነካ ካሙ ሲዞር መታየት አለበት። ካልዞረ ቺንጋው ሄዷል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ የናፍጣ ፓምፑን የሚያዞረውም ይኸው ቺንጋ ስለሆነ ጭስ የሚባል ነገር አይወጣም፤ ደጋግሞ ማዞርም ሆነ ገፍቶ ለማስነሳት መሞከር ፒስተኑን ከቫልቮላው ጋር እያጋጨ ጉዳቱን ያበዛዋል። የቺንጋው መቀየሪያ 100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ባለቤቱ መቼ እንደተቀየረ የማያውቅ ከሆነ ይህንን ጥርጣሬ ከሁሉም አስቀድሙት።

2. የጭስ ማውጫውን ያንብቡ

ቀሪው ሥራ ሁሉ በዚህ ደረጃ ውጤት ላይ ይቆማል። ሞተሩ በወትሮው ፍጥነትና ምት የሚዞር ከሆነ አሁን እርስዎ ከኋላ ይሂዱና ረዳትዎ ለ15 ሰከንድ ያዙር። ማለዳ ከሆነ የራስዎ ትንፋሽም ስለሚታይ ጭሱን ከትንፋሽ ለመለየት ማርሚታውን በጎን በኩል፣ ጨለም ያለ ነገር ከጀርባው አድርገው ይዩት።

ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ እየደረሰ አይደለም፤ ወደ ደረጃ 3 ይሂዱ። ነጭ ወይም ግራጫ፣ ጥሬ ናፍጣ የሚሸት፣ ዓይን የሚለበልብ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ አልነደደም፤ ደረጃ 4ን ያንብቡ። በመጀመሪያው ሙከራ ትንሽ ጭስ አሳይቶ በሁለተኛው ከጠፋ ወይም ሞተሩ ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ተነስቶ ከሞተ መስመሩ አየር ይዟል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። እግረ መንገድዎን እጅዎን ወደ ማርሚታው አፍ ያስጠጉ፤ በምት በምት የሚገፋ አየር ካልተሰማዎ ማውጫው ወይም የአየር ፊልትሮው ታፍኗል። በጥርጊያ መንገድ የሚሠራ መኪና የአየር ፊልትሮው በአቧራ እንደ ጭቃ ጡብ ሆኖ መገኘቱ ብርቅ አይደለም፤ ፊልትሮውን አውጥቶ ለአንድ ሙከራ ያህል ያለ እሱ ማዞር ነገሩን ወዲያው ይለየዋል።

3. ጭስ ከሌለ፦ ከሰልባትዮው (ከናፍጣ ታንኩ) እስከ ኖዝሉ

ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት ሾፌሩን ይጠይቁ። ናፍጣ መጨረሻ የተቀዳው የት ነው? ከማደያ ነው ወይስ ከጀሪካን? ፊልትሮ ሰሞኑን ተቀይሯል? መኪናው ሳይነሳ ብዙ ቀን ቆሟል? የሌባ መከላከያ ድብቅ ማጥፊያ ተገጥሞለታል? የመጨረሻው ጥያቄ የሚያስቅ ቢመስልም ከዳሽቦርዱ ሥር ወይም ከወንበሩ ጀርባ የተደበቀች አንዲት ማጥፊያ በእግር ተነክታ ባለሙያ ስታደክም ትውላለች፤ መኪናውን የሚነዳው ሌላ፣ ባለንብረቱ ሌላ ሲሆን ደግሞ ሾፌሩ መኖሯን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

የናፍጣውን ጌጅ አይመኑ። መኪናው ከሩብ በታች ናፍጣ ይዞ አፍንጫውን ወደ ዳገት ወይም ወደ ቁልቁለት አድርጎ ካደረ ናፍጣው ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ መሳቢያው ቱቦ አየር ሊስብ ይችላል። ጎንደር ላይ ተዳፋት ቦታ ላይ ማሳደር የተለመደ ስለሆነ 10 ሊትር ጨምሮ መሞከር ወይም መኪናውን ወደ ሜዳ ማውረድ ብቻውን የሚፈታው ጊዜ አለ።

ቀጥሎ ናፍጣ ማቋረጫውን ይመርምሩ፤ ሥራው የደቂቃዎች ስለሆነ ከፊልትሮው በፊት ማለቁ ይሻላል። ክብ የሆነው የሜካኒካል ፓምፕ ጀርባ ላይ፣ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱት የብረት ቱቦዎች በሚወጡበት በኩል፣ አንድ ሽቦ ብቻ የታሰረበት አውራ ጣት የሚያህል ሶሌኖይድ አለ። ቁልፉ ሲከፈት መብራት አግኝቶ ናፍጣውን ይከፍታል፣ ቁልፉ ሲዘጋ ይዘጋዋል። ቁልፉን ክፍት ላይ ያድርጉ፣ ሽቦውን ነቅለው መልሰው ያስነኩት፤ «ጠቅ» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ መስማት ወይም በጣትዎ መዳሰስ አለብዎ። ድምፅ ከሌለ በሽቦው ጫፍ 12 ቮልት መድረሱን በአምፖሉ ይፈትሹ። መብራቱ ካልደረሰ ፊውዙን፣ ከዚያም የቁልፉን ማብሪያና ድብቅ ማጥፊያውን ይከተሉ። መብራቱ ደርሶ ሶሌኖይዱ ዝም ካለ ግን የሞተው ራሱ ሶሌኖይዱ ነው። ሶሌኖይዱ ደኅና ሆኖ መብራት ስላልደረሰው ብቻ መንገድ ላይ ለቀሩ ሰዎች ከባትሪው ፖዘቲቭ ቀጥታ ሽቦ ስቦ ሶሌኖይዱ ላይ ማሰር ያራምዳል፤ ያኔ ሞተሩ በቁልፍ ስለማይጠፋ ለማጥፋት ሽቦውን መንቀል እንደሚያስፈልግ፣ ሽቦውም ከብረት ጋር ቢነካካ እሳት ሊያስነሳ እንደሚችል ማሰብ ያሻል። በአንዳንድ የጭነት መኪኖች ላይ በሶሌኖይዱ ምትክ ፓምፑ ጎን ላይ ያለ ማጥፊያ ክንድ ስለሚሠራ ክንዱ በማጥፊያው ቦታ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በእጅ አንቀሳቅሰው ያረጋግጡ።

ማቋረጫው ደኅና ከሆነ ተራው የናፍጣ ፊልትሮው ነው። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ፈታ አድርገው፣ በላዩ ያለውን የእጅ ፓምፕ እየጫኑ፣ የሚወጣውን ናፍጣ በሃይላንዱ ግማሽ ድረስ ይቅዱ። ፕላስቲኩን ሳይነቀንቁ 10 ደቂቃ ያህል ያስቀምጡትና ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ይመልከቱት። ንጹሕ ናፍጣ ጠርቶ፣ ወርቃማ ሆኖ ማዶውን ያሳያል። ውኃ ካለ ከሥሩ ለብቻው ተኝቶ፣ ፕላስቲኩ ሲያዘነብል እንደ ድቡልቡል ጠብታ እየተንከባለለ ይታያል፤ ዝገትና ደለል ካለም እዚያው ከውኃው ጋር ይቀመጣል። ከላይ እስከ ታች የደፈረሰ ከሆነ ውኃው ከናፍጣው ጋር ተዋሕዶ ገና አልተለየም። ሽታውም ይመርመር፦ ቤንዚን የተቀላቀለበት ናፍጣ አፍንጫ የሚነድፍ ሹል ሽታ አለው፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ግን በሽታ ብቻ በቀላሉ አይለይም፣ በጣት ሲታሽ ከናፍጣው ይልቅ ቅባት የለሽና ደረቅ ሆኖ ይሰማል። የናፍጣ ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ ቤንዚን ወይም ብዙ ነጭ ጋዝ ገብቶበት ከሆነ ሰልባትዮው ሳይራገፍና ፊልትሮው ሳይቀየር ሞተሩን ለማስነሳት አለመሞከር ይሻላል። ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚገዛ ናፍጣ ለዚህ ሁሉ ስለሚያጋልጥ፣ ከመቅዳት በፊት ይኸው የሃይላንድ ሙከራ ቢደረግበት ብዙ ወጪ ያድናል።

አሁን የእጅ ፓምፑን ደጋግመው ይጫኑና ስሜቱን ያስተውሉ። ጥቂት ተጭኖ ከጠነከረ መስመሩ እስከ ፓምፑ ሞልቷል፤ የአቅርቦቱ ጉዳይ እዚህ ላይ ያበቃል ለማለት ይቻላል። ስንት ጊዜ ቢጫን የማይጠነክር፣ ለስላሳ ሆኖ የሚቀር ከሆነ ሰልባትዮው ባዶ ነው፣ ወይም ከአንድ ቦታ አየር ይስባል፣ ወይም የራሱ የእጅ ፓምፑ ጎማ ተበልቷል። አንዴ ተጭኖ እዚያው የሚቀር ወይም በዝግታ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ከሰልባትዮው ወደ ፊልትሮው በሚመጣው መስመር ላይ የታፈነ ወይም የታጠፈ ነገር አለ፤ የሰልባትዮውን ክዳን ከፍተው ቢሞክሩና ቢለወጥ አየር ማስገቢያው ተደፍኖ ነበር ማለት ነው።

አየር የሚስብ መስመር ናፍጣ ላያንጠባጥብ እንደሚችል ብዙ ሰው ይዘነጋል፤ መስመሩ የሚሠራው በመሳብ ስለሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚፈስ ነገር ሳይኖር ከውጭ ወደ ውስጥ አየር ይገባል። ይህን በዓይን ለማየት ወደ ፓምፑ የሚገባውን የጎማ ቱቦ ነቅለው በምትኩ አንድ ክንድ የሚያህል፣ ውስጡ የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ በማሰሪያ አጥብቀው ይግጠሙ። ሞተሩ ሲዞር በቱቦው ውስጥ ተከታትለው የሚሮጡ አረፋዎች ከታዩ አየሩ ከዚያ በፊት ባለው፣ ወደ ሰልባትዮው በሚወስደው መስመር እየገባ ነው፤ የጎማ ቱቦዎቹ ጫፍ፣ የፊልትሮው ላስቲክ፣ የማፍሰሻዋ ቀለበትና የእጅ ፓምፑ ራሱ በየተራ ይፈተሹ። ሰሞኑን ፊልትሮ የተቀየረለት መኪና ከሆነ የፊልትሮውን ላስቲክ አስቀድሙት፤ አሮጌው ላስቲክ ተጣብቆ ሳይታይ አዲሱ በላዩ የሚገጠምበት ጊዜ አለ።

ጥርጣሬው ሁሉ ሲደባለቅ አንድ ሙከራ ነገሩን ለሁለት ይቆርጠዋል። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከፓምፑ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ አድርገው ያስሩት፤ ከጀሪካኑ የሚወጣውን ቱቦ በትንሽ አዲስ ፊልትሮ አሳልፈው ቀጥታ ፓምፑ ላይ ይግጠሙ፣ ትርፍ ናፍጣ የሚመልሰውንም ቱቦ ወደ ጀሪካኑ ይመልሱ። መኪናው በዚህ ከተነሳና ካልሞተ ፓምፑና ኖዝሎቹ ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋቱ ያለው ከፓምፑ በፊት ባለው መስመር፣ ከፊልትሮው እስከ ሰልባትዮው ነው። ማንም ሰው ፓምፑ ይውረድ ቢልዎ ይህ ሙከራ ሳይደረግ አይፍቀዱ።

መስመሩ ከተስተካከለ በኋላ የገባውን አየር ማስወጣት ያስፈልጋል። የእጅ ፓምፑ እስኪጠነክር ይጫኑ። ከዚያም ኖዝሎቹ ላይ የብረት ቱቦውን የያዙትን ብሎኖች በ17 ቁልፍ አንድ ዙር ያህል ያላሉ፤ ረዳትዎ ያዙር። በመጀመሪያ ምንም አይወጣም፣ ቀጥሎ ነጣ ያለ አረፋ ይንተከተካል፣ በመጨረሻ አረፋ የሌለው ናፍጣ በምት በምት ይወጣል። ያኔ ብሎኑን አጥብቀው ወደሚቀጥለው ይሂዱ። ሁለት ሦስቱ ከጠሩ ሞተሩ በእነሱ ላይ እየተንገጫገጨ ይነሳና የቀረውን አየር ራሱ ያወጣል። ፊትዎን ከብሎኑ ያርቁ፣ ጨርቅ ይሸፍኑበት። የእጅ ፓምፑ ጠንክሮ፣ ማቋረጫው ጠቅ እያለ፣ በተላሉት ብሎኖች ግን ጠብ የሚል ከሌለ ፓምፑ በርግጥ ችግር አለበት፤ ከዚህ በኋላ ያለው የፓምፕ ባለሙያ ሥራ ነው። ከላይ የተነገረው በኖዝሎቹ ብሎን አየር የማስወጣት ዘዴ ለሜካኒካል ፓምፕ ብቻ የተፈቀደ ነው።

4. ጭስ እያለ የማይነሳ ከሆነ

ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ መግባቱ ታውቋልና ጥያቄው ለምን አልነደደም የሚለው ነው። ችግሩ ማለዳ ብቻ የሚታይ ከሆነ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ይመርምሩ፤ እነዚህ ብልጭታ አይሰጡም፣ ከመነሳቱ በፊት የሲሊንደሩን ውስጥ ያሞቃሉ። እኩለ ቀን ላይ፣ ሞተሩ ለብ ብሎ ሳለም አልነሳ የሚል ከሆነ ግን ማሞቂያዎቹን መክሰስ ይተው፤ በጎንደር የቀን ሙቀት ለብ ያለ ጤነኛ ሞተር ያለ እነሱም ይነሳል።

ማሞቂያዎቹን ለመፈተሽ መጀመሪያ ቁልፉ ሲከፈት እነሱን በሚያገናኘው የብረት ሰሌዳ ላይ መብራት መድረሱን በአምፖሉ ይዩ። ካልደረሰ ወፍራሙን ፊውዝና ሪሌውን ይፈልጉ። ከደረሰ ቁልፉን ዘግተው ሰሌዳውን ያውርዱና ከባትሪው ፖዘቲቭ የመጣ ሽቦ በ21 ዋት አምፖል አሳልፈው በእያንዳንዱ ማሞቂያ ራስ ላይ ያስነኩ፤ አምፖሉ ከበራ የማሞቂያው ሽቦ አልተቋረጠም፣ ካልበራ ተቃጥሏል። መለኪያ ያለው ሰው ከ2 ኦም በታች ማግኘት አለበት። ከአራቱ አንዱ ቢቃጠል መኪናው እየተንቀጠቀጠና እየጨሰ ይነሳል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ማለዳው የሚከብደው። ሲገዙ የሞተሩን ዓይነትና የድሮውን ማሞቂያ ቮልት ይዘው ይሂዱ፤ ሁሉም ባለ 12 ቮልት መኪና 12 ቮልት የተጻፈበት ማሞቂያ አይጠቀምም፣ አነስ ያለ ቮልት የተሠራለት ቀጥታ 12 ቮልት ካገኘ ወዲያው ይቃጠላል።

ማሞቂያው ደኅና ሆኖ ጭሱ ከቀጠለ የቀሩት ግፊትና ጊዜ ናቸው። የታመቀ አየር ግፊት በማሞቂያዎቹ ቀዳዳ በመለኪያ ይታያል፤ በብዙዎቹ የቆዩ ሞተሮች ከ20 ባር በታች ከወረደ መነሳት ይከብዳል፣ አንዱ ሲሊንደር ከሌላው በ5 ባር የሚበልጥ ልዩነት ማሳየትም የለበትም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆነ ቦታ ስለተሰጠ ጎንደር ላይ ጤነኛ ሞተርም ከዚያ ዝቅ ያለ ያሳያል። ስለዚህ ፍርዱ በቁጥሩ ትልቅነት ላይ ሳይሆን በሲሊንደሮቹ መቀራረብ ላይ ቢመሠረት ይሻላል፤ አራቱም ተቀራርበው መጠነኛ ቢሆኑ ሞተሩን ለማስከፈት አይቸኩሉ። የፓምፑ ጊዜ ጉዳይ የሚነሳው ደግሞ ቺንጋው ሰሞኑን ተቀይሮ ወይም ፓምፑ ወርዶ ተገጥሞ ከነበረ ነው። ትናንት ሲሠራ የነበረ፣ ማንም ያልነካው ፓምፕ በአንድ ሌሊት ጊዜው አይዛባም፤ ቺንጋው ጥርስ ካልዘለለ በቀር።

ጋራዥ አካባቢ በቆርቆሮ የሚሸጠውን የማስነሻ ጋዝ በአየር መግቢያው መንፋት ማሞቂያ ባለው ሞተር ላይ አደገኛ ነው። በጋለ ማሞቂያ ላይ ጋዙ ያለ ጊዜው ፈንድቶ ፒስተን ሲሰብር፣ የአየር መግቢያውንም ሲያነድ ይታያል። በጨርቅ ቤንዚን ነክሮ አየር መግቢያው ላይ መያዝም ከዚያው የሚቆጠር ነው።

5. ሲግል ብቻ የማይነሳ ከሆነ

ማለዳ በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ ከመተማ መንገድ ወይም ከሊማሊሞ ዳገት ወጥቶ ደርሶ ለጥቂት ደቂቃ ከጠፋ ግን እያዞረ አልነሳ ይላል፤ አንድ ሰዓት ካረፈ በኋላ ደግሞ ይነሳል። ይህ ጠባይ ያረጀ ፓምፕ ጠባይ ነው። ናፍጣ ሲግል ስለሚቀጥን በተበላው የፓምፑ ፒስተን ዙሪያ ይሾልካል፣ በሞተሪኖ ዝግተኛ ዙር ኖዝሉን የሚከፍት ግፊት አይፈጠርም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው ፓምፑ ላይ ብቻ ደጋግመው ይጣሉ፣ ሽቦዎቹንና የጋለውን የጭስ መውጫ ብረት ሳያርሱ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሞተሩ ከተነሳ ፓምፑ መታደስ አለበት። እስከዚያው ድረስ ዳገት ጨርሰው ሲደርሱ ሞተሩን አያጥፉ።

6. ኮመን ሬል መኪና ከሆነ

አባዱላና አዳዲሶቹ ሃይሉክሶች ላይ ናፍጣው በሬሉ (ለኖዝሎቹ ሁሉ ናፍጣ በግፊት በሚያከፋፍለው የጋራ ቱቦ) ውስጥ ከ1,000 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ግፊት ቆዳ ቀዶ ናፍጣውን ሥጋ ውስጥ ስለሚያስገባ ከፓምፑ እስከ ኖዝሉ ያሉትን የብረት ቱቦዎች ማላላት ፈጽሞ አይፈቀድም። አየር የሚወጣው በእጅ ፓምፑ ብቻ ነው።

ቁልፉን ክፍት ላይ አድርገው ዳሽቦርዱን ያንብቡ። የሞተር መብራቱ መብራት አለበት፤ ጭራሽ ካልበራ ኮምፒውተሩ መብራት አላገኘም፣ ፊውዝና ሪሌ ይፈለጋል። የቁልፉ ወይም የመቆለፊያው ምልክት ብልጭ ድርግም ማለቱን ካላቆመ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም፤ ሁለተኛውን ቁልፍ ይሞክሩ። ሲዞር የዙር መቁጠሪያው መርፌ በትንሹ ከፍ ካላለ የክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ሴንሰርና ሶኬቱን ይጠርጥሩ፤ ይህ ምልክት በሁሉም መኪና ላይ ስለማይሠራ ብቻውን ግን ፍርድ አይሆንም።

እነዚህ ካለፉ የኮምፒውተር መመርመሪያ ማሽን ገጥሞ ሞተሩ ሲዞር የሬሉን ግፊት ማንበብ ግድ ነው፤ ብዙዎቹ 200 ባር አካባቢ ካልደረሱ ኮምፒውተሩ ኖዝሎቹን አይከፍትም። ግፊቱ ዝቅተኛ ሲሆን በመጀመሪያ የሚነካው አሁንም ፊልትሮው ነው፣ ከዚያ በፓምፑ ላይ ያለው የመጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ፣ ቀጥሎ የኖዝሎቹ መላሽ። መላሹ የሚታየው የእያንዳንዱን ኖዝል መመለሻ በየራሱ ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ከትቶ በማዞር ነው፤ ከሌሎቹ እጅግ ብዙ የሚመልሰው ኖዝል ግፊቱን የሚያፈሰው እሱ ነው። ማሽኑ «የሬል ግፊት ዝቅተኛ» የሚል ኮድ ስላወጣ ብቻ ፓምፕ መግዛት ተገቢ አይደለም፤ ኮዱ የሚናገረው ግፊቱ እንዳነሰ እንጂ ማን እንዳሳነሰው አይደለም።

ስለ መግፋትና ስለ ማስረከብ

ገፍቶ ወይም ቁልቁለት ለቆ በማርሽ ማስነሳት የሚጠቅመው ባትሪው ወይም ሞተሪኖው ሲደክም ነው። ሞተሪኖው በወትሮው ፍጥነት እያዞረው ያልነሳ መኪና ናፍጣ ካልደረሰው ተገፍቶም አይነሳም። ከዚህም በላይ ሞተሩ ካልሠራ የፍሬኑ አጋዥና የመሪው ኃይል ስለማይኖሩ ከፒያሳ ወደ ታች የሚለቀቅ ሚኒባስ ሾፌሩ ከሚያስበው በላይ ለማቆም ይከብዳል።

መኪናውን ለፓምፕ ባለሙያ ወይም ለኤሌክትሪሽያን የሚያስረክቡ ከሆነ በወረቀት ላይ የሚከተሉትን ጽፈው ይስጡ፦ ሲዞር የባትሪው ቮልት ስንት እንደነበረ፣ ጭስ ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ቀለሙ፣ የእጅ ፓምፑ ጠንክሯል ወይስ አልጠነከረም፣ በጀሪካን ሲሞከር ምን ሆነ፣ ችግሩ ማለዳ ነው ወይስ ሲግል፣ ፊልትሮና ታይሚንግ ቺንጋ በስንት ኪሎ ሜትር ተቀየሩ። ከፊልትሮው የተቀዳውንም ናፍጣ በሃይላንዱ እንዳለ ከድነው አብረው ያስረክቡ፤ ፓምፑ ተፈትቶ ዝገት ቢገኝበት ከየት እንደመጣ ለመከራከር የሚያስፈልገው እሱ ነው።